ግልድም ለጉና
የደጋ መንገደኛ ከወገብ በታች ምን ይልበስ? ዳሰሳ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋሳይና በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የጉናን ተራራ በቀኙ ትቶ የሚገባባት ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው። የላይ ጋይንት ሰው ከተማውን በነፋስ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አገር ብርዱን የሚያከፋው ነፋሱ ነው፤ ልብስም የሚፈተነው በነፋሱ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። አየር ከፍ ባልን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ጠዋት ደብረ ታቦር ሻይ ጠጥቶ የወጣ ሰው ማታ ጉና ላይ ሲደርስ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ወርዶ ይጠብቀዋል። ከተማው ውስጥ «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» ያሰኘው አየር እላይ ውርጭ ሆኖ ያድራል ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ የባሰ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ጓሳው ላይ አመዳዩ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ጉና ላይ ወይም በግርጌው ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚነሣ ወጣት ስለ ጃኬቱ ብዙ ያስባል፤ ስለ ኮፍያውም ይጠይቃል። ከወገብ በታች ግን ሁሌ የሚለብሰውን ጂንስ ለብሶ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ የተረሳ ግማሽ አካል ነው።

እኔም ተማርኩበት። ከዓመታት በፊት በታኅሣሥ ከጓደኞቼ ጋር ጉና ሥር አደርን። ቀኑን ሙሉ በጓሳና በጅብራ መካከል ስንሄድ ጉሙ ሱሪዬን እስከ ጭኔ አርሶት ነበር። ሲመሽ እሳት ዳር ብቀመጥም ፊት ለፊቱ እየተነነ ኋላው እንደ በረዶ ጀርባዬን ይይዘኛል። ደጃቸው ድንኳን እንድንተክል የፈቀዱልን አዛውንት ገበሬ ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ይኼ ሱሪህ እስከ ነገም አይደርቅልህ። አውልቀውና ይቺን አገልድማት» ብለው ከትከሻቸው አንድ አጠር ያለች የበግ ፀጉር ልብስ አወረዱልኝ። አገለደምኳት። ከሩብ ሰዓት በኋላ እግሬ የራሴ ሆነ። እሳቸው ቁምጣ ለብሰው፣ ባታቸው እንደተራቆተ፣ እዚያው ቆመው ስለ ገብሳቸው ያወሩኝ ነበር።

ያን ምሽት የሰማሁት ግስ ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። አማርኛ በአንድ ጨርቅ አለባበስ ላይ እንዴት እንደተራቀቀ ተመልከቱ። ሸማው ወገብ ላይ ከተጠመጠመ አገለደመ ይባላል፤ የተጠመጠመውም ግልድም ይሆናል። በትልቅ ሰው ፊት ለመታዘዝ ወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ከታሠረ አደገደገ ነው። ጫፉ ትከሻ ላይ ከተጣለ አጣፋ፣ ራስ ላይ ከወጣ ተከናነበ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደግሞ መስቀለኛ ይለበሳል። ጨርቁ አንድ ነው፤ ሥራው ግን እንደ አስተሳሰሩ ይለዋወጣል። ደገኛው ለብርዱ፣ ለሥራው፣ ለአክብሮቱና ለእንቅልፉ አራት ልብስ አይሸከምም፤ አንዱን ጨርቅ አራት ጊዜ ይለብሰዋል።

ይህን ብልሃት ያገኘነው እኛ ብቻ አይደለንም። የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ኪልት የሚሉት፣ ወንዶች ወገባቸው ላይ አጥፈው የሚታጠቁት የሱፍ ልብስ ዛሬ የሠርግና የሰልፍ ልብስ ቢሆንም፣ ጥንት ከእኛ ጋቢ ብዙም አይርቅም ነበር። ረዥም የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ቀን ግማሹ ወገብ ላይ በቀበቶ ይታሠራል፣ ግማሹ ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ዝናብ ሲመጣ ራስ ላይ ይወጣል፣ ማታ ተፈትቶ ብርድ ልብስ ይሆናል። የብሪታንያ መንግሥት በ1746 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ይህን ልብስ ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 1782 ቆየ። ለአንድ ልብስ ሕግ የወጣው ልብሱ የአንድ ሕዝብ መለያ ምልክት ስለነበረ ነው። በዘመናችን ደግሞ አሜሪካኖች ከጠንካራ የጥጥ ሸራ እየሰፉ፣ ትልልቅ ኪስ እያበጁለት ለጉልበት ሥራና ለተራራ ጉዞ መልበስ ጀምረዋል። የሚያነሡት ምክንያት የእኛ ገበሬ ከሚለው ጋር አንድ ነው፦ ጉልበት ይፈታል፣ አየር ያስገባል፣ ቶሎ ይደርቃል።

በአገራችን ቆላም ቢሆን ግልድም የዕለት ልብስ ነው። የአፋር ሽርጥና የሶማሌው ማዊስ የታወቁ ናቸው። እነዚያ ግን ለሐሩር የተበጁ ስስ ጥጦች ስለሆኑ ጉና ላይ አይሆኑም። ከታች ጋይንትና ከስማዳ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ግን ቆላው ሲጀምር ሽርጥ ቢያሸርጥ ያመሰግነኛል። የደቡብ ጎንደር ጉዞ ከባዱ ነገር ይኸው ነው፤ ውርጭና ሐሩር በጥቂት ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ፤ ዋናው ፍርድ እዚህ ላይ ነውና።

ጋቢ በደጋ ሰው ቤት የከበረ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ፣ በሸማኔ እጅ ተሠርቶ፣ አራት ድርብ ሆኖ ሲለበስ በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል፤ የሚያሞቀንም ያ የተያዘ አየር ነው። ደረቅ ሌሊት ላይ፣ ቤት ወይም ድንኳን ውስጥ፣ ከጋቢ የሚበልጥ መደረቢያ አላውቅም። ኩታ ሲሳሳ፣ ቡልኮ ሲከብድ ጋቢ መካከሉን ይይዛል። ነገር ግን ጥጥ ጠላቱ ውኃ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ያ ሁሉ አየር ያዥ ክፍተት በውኃ ይሞላል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ የረጠበ ጋቢ የለበሰ ሰው እርቃኑን ከቆመው ብዙም አይሻልም፤ ጂንስም ያው ጥጥ ስለሆነ ሕጉ አንድ ነው። ጋቢን ቀን ለመገልደም የሚጠቀም ሰው ማታ የሚተኛበትን እያረጠበ መሆኑን ይወቅ። የኔ ምክር ቁርጥ ነው፦ ጋቢ ለሌሊት ይቀመጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ፣ ቀን አይነካ።

የበግ ፀጉር ሌላ ፍጥረት ነው። ከራሱ ክብደት እስከ ሲሶ ያህል እርጥበት ውስጡ ይዞ እንኳ ላዩ አይረጥብም፤ እየረጠበም ያሞቃል። ከእሳት ፍንጣሪ ሲደርስበት ያርራል እንጂ እንደ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ አይጣበቅም። ለዚህ ነው አያቶቻችን ባናን፣ ዝተትንና በርኖስን ለደጋ የመረጡት። በርኖስ፣ ያ ትከሻው ላይ ሹል ያለው ጥቁር ካባ፣ ከጌታ እስከ ገበሬ የለበሰው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ጠብታው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ነፋሱም ጥቅጥቅ ያለውን ሽመና በቀላሉ አያልፍም። ጉዳቱ ክብደቱና ሸካራነቱ ነው። ባዶ ቆዳ ላይ ይኮሰኩሳል፤ ስለዚህ ከሥሩ ቁምጣ ወይም ስስ ሱሪ ያሻል።

እዚህ ላይ ደቡብ ጎንደር የራሱ ሀብት አለው። የፋርጣ በግ በስሙ የሚታወቅ፣ ላቱ የሰባ፣ ከፀጉሩ ሥር ሱፍ ያለው የአካባቢው ዝርያ ነው። ይህን በግ በሥጋው ብቻ የምናውቀው መሆናችን ያሳዝነኛል። በጉ ለበዓል ይታረዳል፣ ቆዳው ለነጋዴ ይሸጣል፣ ፀጉሩ ከቁም ነገር ሳይቆጠር ይቀራል፤ እኛ ደግሞ ገበያ ወጥተን ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ ክር ብርድ ልብስ እንገዛለን።

ቆዳም አለ። ደበሎና ለምድ፣ አጎዛና ቁርበት። ደበሎን ስናነሣ የቆሎ ተማሪን ሳናነሣ አናልፍም፤ በዚህ አገር ደጅ ማደርን የሱን ያህል የሚያውቅ የለምና። ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ፣ ድጓ ለማስመስከር የጋይንቷ ቤተልሔም የሚደርሰው ልጅ ያለው ሀብት ደበሎው፣ አኮፋዳውና ዱላው ነው። ደበሎ ለነፋስ ወደር የለውም፤ ቆዳ ነፋስ አያሳልፍም። ፀጉሩን ወደ ውስጥ ያዞረ ሰው ከነብርዱ ሊተኛ ይችላል። ለመገልደም ግን አይመችም፤ አይታጠፍም፣ ረጥቦ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ጉልበትንም ይይዛል። አጎዛው ግን ለሚያድር ሰው ግዴታ ነው። ከላይ ሦስት ጋቢ ቢደረብ ከሥር አጎዛ ከሌለ መሬቱ ሙቀትን ሲጠጣ ያድራል። ድንኳን የሚያከራዩ ሰዎች ከሚሰጡት ስስ ስፖንጅ ይልቅ ከገበሬው ቤት የተለመነ አጎዛ ይሻላል፤ ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ።

ለክረምት ዝናብ እረኛው የሚለብሰው ገሳ ነው፤ ከሣር የተጎነጎነ፣ ከራስ እስከ ጀርባ የሚወርድ፣ ጠብታውን እንደ ጎጆ ክዳን የሚያፈስ። በቡሄ ሰሞን፣ ነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ ደብረ ታቦር ዙሪያ ያለውን ሜዳ ያየ ሰው ጅራፉን የሚያጮኸውን ልጅ ከወገቡ በላይ በገሳ ወይም በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከጉልበቱ በታች ተራቁቶ ያየዋል። ይህ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትም አለበት። በጭቃና በጤዛ ውስጥ የሚሄድ እግር መርጠቡ አይቀርም። ረዥም ሱሪ ውኃውን ጠጥቶ እስከ ወገብ ያወጣዋል፤ የተራቆተ ባት ግን በሁለት እጅ ሲጠረግ ይደርቃል። የገበሬው ቁምጣ እዚህ አገር ጸንቶ የኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የቁምጣም የግልድምም ባለጋራ ሳማ ነው። በጉና ግርጌ በየካቡና በየበረቱ ዳር የበቀለ ሳማ የተራቆተ ባትን ከነካ ቀኑን ሙሉ ያንገበግባል። ኮሸሽላም አለ። ስለዚህ ግልድሙ ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር ይውረድ፤ ከዚያ በታች ወፍራም የሱፍ ካልሲ ቦት ጫማውን አልፎ ይሳብ። በረባሶና ኮንጎ ጫማ ለለመደው እግር ጥሩ ናቸው፤ ላልለመደ ግን ጉና ላይ አልመክርም። በባዶ እግር መሄድንማ ጨርሶ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሄደ ሰው በዝሆኔ ሲጠቃ አይተናል፤ ያ በሽታ በጫማና እግርን በመታጠብ የሚከለከል ነው።

ሴቶች ይህን ሁሉ ከወንዶች ቀድመው ፈትተውታል ብል ማጋነን አይሆንም። የገጠር ሴት ቀሚስ ረዥም ነው፤ መቀነቷ ግን ከቀበቶ በላይ ነው። ወገቧ ላይ ደጋግሞ ሲጠመጠም እንጨትና እንስራ ለሚሸከም ጀርባ ድጋፍ ይሆናል፣ ሆድን ያሞቃል፣ ገንዘብ ይይዛል፤ ዳገት ወይም ወንዝ ሲመጣ ደግሞ ቀሚሱ ተሰብስቦ እሱ ውስጥ ይሸጎጣል። ርዝመቱን እንደ መንገዱ የሚቀይር ልብስ ማለት ይኸው ነው። ከከተማ የምትመጣ ተጓዥ በሱሪዋ ላይ ግልድም ብትደርብ ሁለት ነገር ታተርፋለች፤ አንድም ሙቀት፣ አንድም በመንገዷ ላይ ማኅደረ ማርያምን የመሰለ ደብር ስታገኝ ልብስ ሳትቀይር ለመሳለም መቻል። ወንዱም ቁምጣ ለብሶ ቅጽር መግባት ስለሚያሳፍረው ግልድሙ ለሱም ይጠቅመዋል።

ደጅ ማደር በዚህ አገር የመዝናኛ ነገር ከመሆኑ በፊት የመንግሥት ሥራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ያ ወደ ሰባት ቶን ይመዝናል የሚባለው መድፍ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። መንገዱን እየጠረጉ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ። ወራቱን ልብ በሉ፦ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፤ ከዓመቱ ሌሊቱ የሚከፋበት ወቅት። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይህን ሁሉ ሌሊት በሸማና በቆዳ አድሯል። ስለዚያ ጉዞ ስናወራ ስለ መድፉ ክብደት እናወራለን፤ ጎታቾቹ ላብ ያረጠበው ጥጥ ገላቸው ላይ ተለጥፎ በነፋስ መውጫ ነፋስ ውስጥ እንዴት እንዳደሩ ግን እኔ ሳስበው ከመድፉ ይልቅ ይከብደኛል። ዛሬም ቢሆን ለተራራ ወጪ አደጋው ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ላቡም ነው። ዳገት ላይ በላብ ያረጠብከው ልብስ ሁሉ ቆመህ ስታርፍ ያበርድሃል። ግልድም የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ዳገት ስትጀምር ፈትተህ ትከሻህ ላይ ትጥላለህ፣ ጫፍ ስትደርስ ጫማህን ሳታወልቅ መልሰህ ትታጠቃለህ። ሱሪ ይህን አይችልም።

እንግዲህ የሚመረጠው ግልድም ምን ዓይነት ነው? ከበግ ፀጉር የተሸመነ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ብርሃን ላይ ዘርግተው ሲያዩት ወንፊት የማይመስል ይሁን። ስፋቱ ከወገብ እስከ ባት መካከል፣ ርዝመቱ ወገብን ሁለት ጊዜ ዞሮ የሚደርብ። ድርቡ ከፊት ይሁን፤ ነፋሱ የሚመታው ጭንን ነውና፣ ስንቀመጥም ገመና ይሸፍናል። ማሠሪያው ጠፍር ወይም ሰፊ መቀነት ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭን ገመድ ሆድ ይቆርጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ገበያው ውስጥ ታጠቁትና ሦስት ነገር ሞክሩ። እሳት እንደሚያነድ ሰው ቁጢጥ በሉ፤ ካብ እንደሚዘል ሰው እግራችሁን አንሡ፤ መደብ ላይ እንደሚቀመጥ እንግዳ ተቀመጡ። በሦስቱም ካልተገለጠና ካልያዘ ልካችሁ ነው። በበቅሎ ለሚሄድ ግን ሱሪ ይሻለዋል፤ ኮርቻና ግልድም አይስማሙም።

ስለ ቀለም ጥቂት። ጥቁርና ቡኒ ፀሐይ ስለሚስቡ ቶሎ ይደርቃሉ። ወታደር መሰል ዥጉርጉር ልብስ ግን፣ ሱቅ ውስጥ ቢያምርም፣ አትልበሱ። አካባቢው ባለፉት ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል፤ መንገደኛ ማን እንደሆነ ከሩቅ መታወቅ አለበት። የመንገዱንም ሰላም ሳይጠይቁ መነሣት ድፍረት እንጂ ጉብዝና አይደለም።

የተዋሰ ልብስንም ነገር ልናገር። ያን ምሽት የተሰጠኝን ልብስ ያለ ጥያቄ አገልድሜዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሰው ስመክር ጠንቀቅ እላለሁ። በልብስ ስፌት ውስጥ የሚደበቅ ቅማል በደጋው ግርሻ ትኩሳትንና ተስቦን ያስተላልፋል። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተዋሳችሁም የጥጡን ቀቅሉ፣ የሱፉን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ደጋግማችሁ አውሉ።

የት ይገኛል? ጋቢ ለሚፈልግ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ፎገራ ውስጥ ያለችው አውራምባ አለች። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ማኅበረሰብ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ሽመና ነው፤ እዚያ ሴቶች እንደ ወንዶች መወርወሪያ ይጨብጣሉ፣ ወንዶችም ይፈትላሉ። ለጉና ሌሊት የሚሆን ጋቢ ከዚያ መግዛት ከገበያ ብርድ ልብስ ይሻላል፤ ክሩን ያያችሁት፣ እጁን የጨበጣችሁት ነው።

የበግ ፀጉሩ ግልድም ግን ገበያ ላይ ተሰቅሎ አይጠብቃችሁም። በማዘዝ ነው የሚገኘው። ባና መሥራት የሚያውቁ እጆች እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ገዢ የሌለውን ሙያ አይወርሱም። የሚያስፈልገው ከብርድ ልብስ ግማሽ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ከጥቂት የፋርጣ በጎች የተሸለተ ፀጉር ይበቃዋል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ለመስክ ሥራ ወደ ጉና በየጊዜው የምትወጡ፣ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች እናንተ ሁኑ። አስጎብኚዎችም ለእንግዳችሁ ከውጭ የመጣ ላስቲክ ከምታከራዩ ይህን አከራዩ። እኔ የራሴን ፋርጣ ውስጥ ላሉ አንድ ሸማኔ ባለፈው መስከረም አዝዣለሁ፤ ቡኒና ጥቁር፣ ወገቤን ሁለት ጊዜ የሚዞር።